ያልታወቀው ባለቤት

«ያልታወቀ ሰው ብለህ ተወው፣ ዶክተር» ሲል ሰማው ልጁን። አርሊስ ፕሩዊት በሰማንያ አራት ዓመቱ ሚስቱ ኦሌታ «ሳህንህን አንሳ» ስትለው አይሰማም፤ ቴሌቪዥኑንም ሰፈሩ እስኪማረር ድረስ ከፍ አድርጎ ነው የሚያየው። ግድግዳ ማዶ ሲታማ ግን ጆሮው እንደ ጎረምሳ ጆሮ ይነቃል። ልጁ ዌንደል ማዕድ ቤት ቆሞ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ወትፎ፣ እናቱ የጋገረችውን ትንንሽ ዳቦ በነጭ መረቅ እያጠቀሰ ያወራል። «መኪናዋን ከስልሳ አንድ እስከ ስልሳ አራት የያዛት? ማን እንደሆነማ ማን ያውቃል፤ አንድ ደንቆሮ ነዋ! ጣራ የሌላት ሮድስተር መኪና ላይ የፍሪጅ ላሜራ ጣራ አድርጎ የሚበይድ ሰው ስም ይኖረዋል ብለህ ነው? የትርኢቱ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው እንዳለ ይሁን። አዎ፣ ያልታወቀ።» አርሊስ አንድ እግሩን ካልሲ ውስጥ ግማሽ ድረስ አስገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ደርቆ ቀረ። እሱ እስከሚያውቀው ድረስ በዚህ ዓለም ላይ ሮድስተር ላይ የፍሪጅ ላሜራ የበየደ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ያም ሰው አሁን ካልሲ እያጠለቀ ነበር።

ዌንደል ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ «ለሁለት ሳምንት» ብሎ እዚህ ቤከርስፊልድ እናትና አባቱ ቤት ከገባ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሥራው ባትላሜራ ነው። ከወንዙ ማዶ በተከራየው ጋራዥ የድሮ ሆት ሮድ ያድሳል፤ እነዚያን ፓራፋንጎና ፓራውልታቸው ተነቅሎ፣ ከአቅማቸው በላይ ሞተር ተጭኖባቸው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ጎረምሶች ደረቅ ሐይቅ ላይ ይሽቀዳደሙባቸው የነበሩትን ፎርዶች። ስድስት ዓመት ሙሉ የአንድ ጥርስ ሐኪም መኪና ላይ ሲሠራ አባቱን ወደ ጋራዡ አላስጠጋም ብሎ ነበር፤ «የቀለሙ ብናኝ ለደረትህ ጥሩ አይደለም» እያለ። አርሊስም ልጁ ለደረቱ ስላሰበለት ደስ ብሎት፣ ለጡረተኛ ጓደኞቹ ሁሉ ሲያወራ ነው የከረመው። አሁን ነገሩ ገባው። የደረቱ ጉዳይ አልነበረም። መኪናዋ የእሱው የድሮ መኪና ናት፤ ልጁ ደግሞ አፍሮበታል። ካልሲውን አጥልቆ ጨረሰና ወደ ማዕድ ቤት ሄደ።

«እኔም እሄዳለሁ» አለ፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ።

«የት?»

«ፖሞና። የመኪና ትርኢቱ ጋ።»

ዌንደል የጎረሰውን በቀስታ ዋጠ። አባቱን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ደግሞ አባቱን አየ። «እሱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ» አለች ኦሌታ፣ መረቁን እያማሰለች። «ከገና ወዲህ ከዚህ ቤት ወጥቼ አላውቅም።» በዚያ ቤት ኦሌታ ከተናገረች በኋላ የሚጨምር ሰው ስለሌለ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ፒክአፑ የፊት ወንበር ላይ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፣ ኦሌታ መሃል። የለውዝ እርሻውን ሁሉ አልፈው ተራራውን መውጣት እስኪጀምሩ ድረስ የተወራው ስለ እንቁላል ነበር። ደርዘኑ ስምንት ዶላር መግባቱን ኦሌታ ሦስት ጊዜ ተናገረች፤ ሁለቱ ወንዶች ሦስቴም «ጉድ ነው!» አሉ። ዳገቱ ላይ ከከባድ ጭነት መኪኖች ኋላ ማዝገም ሲጀምሩ ዌንደል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጠዋት ሰምተሃል አይደል?»

«ምኑን?» አለ አርሊስ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ።

«አባዬ፣ ምን ላድርግ? ዶክተር ካልቨርት እኮ ያንን ሰው ባገኘው ጥርሱን አንድ በአንድ ያለ ማደንዘዣ እነቅልለታለሁ ነው የሚለው። በየሳምንቱ! ጣራህን ለማንሳት ብቻ አራት ወር ፈጅቶብኛል።»

«በደንብ ስለተበየደ ነዋ።»

«ዛሬ ካሸነፍን ከመላው ካሊፎርኒያ ሰው ወደ እኔ ይመጣል። የባለ ፍሪጁ ልጅ መሆኔ ከታወቀ ግን ብስክሌት የሚያስጠግነኝ አላገኝም። ስለዚህ ለዛሬ ብቻ ጎረቤቶቼ ናችሁ። አባዬ፣ እማዬ የሚባል ነገር የለም፤ በስማችሁ ነው የምጠራችሁ።»

«እኔም ጎረቤት ነኝ?» አለች ኦሌታ።

«ለዛሬ።»

«ዘጠኝ ወር ሆዴ ውስጥ በነፃ ተቀመጥህ፤ አሁን ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ቤቴ በነፃ ተቀመጥህ። ጎረቤት!»

አርሊስ እየከፋው ሄደ። ተሳስቶ እንደሆነ ይወቀስ፣ አጥፍቶ እንደሆነ ይሰደብ፤ ይህን ለምዶታል፤ አርባ ዓመት ነዳጅ ማውጫ ጉድጓድ ላይ የሠራ ሰው ስድብ አይጎዳውም። «ያልታወቀ» መባል ግን ሌላ ነገር ነው። ሰሌዳው ላይ ስሙ እንዲጻፍለት ፈለገ። ከፈለጉ «ደንቆሮው አርሊስ ፕሩዊት» ይበሉት፤ ግን ይጻፉት። ይህን ለልጁ ሊነግረው ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኦሌታ የበሬ ሥጋ ዋጋ አነሳች።

ማቆሚያው ሠላሳ ዶላር፣ መግቢያው ለአዛውንት ሃያ አምስት፣ ቋሊማ በዳቦ አሥራ አራት ዶላር ነበር። ኦሌታ ቋሊማ ሻጩን «ከነምጣዱ ነው የምትሸጠው?» ብላ አፋጠጠችው። አዳራሹ ከውስጥ በመብራት ያበራል፤ መኪኖቹ ምንጣፍ ላይ ቆመው፣ በዙሪያቸው ሆዳቸው ቀበቷቸውን የሸፈነው ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞራሉ። እጅ ወደ ኋላ የሚጣመረው የሰው ቀለም ላለመንካት ነው፤ ጂንስ የለበሰማ ወደ መኪና ተጠግቶ አይቆምም፤ የኪሱ ብረት ይጭራላ። ሰዎቹ ከመኪኖቹ በላይ ሰሌዳዎቹን ነው የሚያዩት። በየመኪናው ጎን መኪናውን ማን እንደሠራው፣ ማን እንደገዛው፣ ለማን እንደሸጠው የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆማል፤ እነዚህ ሰዎች የገዛ አያታቸውን ስም ባያውቁ እንኳ የአንድ ፎርድ ባለቤቶችን በቅደም ተከተል ይነግሩሃል።

አርሊስ የድሮ መኪናውን ከስልሳ ዓመት በኋላ አያት። ጥቁር፣ ዝቅ ያለች፣ ጣራ የሌላት፤ ቸርኬዋ ቀይ፣ የፊት መስተዋቷ እንደተኮሳተረ ሰው ግንባር ያጠረ። እሱ ዘንድ ሳለች እንዲህ አልነበረችም፤ ከላይ ነጭ የፍሪጅ ጣራ፣ ከጎን የኦሌታ የገበያ ዘንቢል ማንጠልጠያ፣ ከፊት ከስንዴ ማጨጃ የወጣ ሞተር ነበራት። «አምሮባታል» አለ ቀስ ብሎ። ኦሌታም «ቀጥናለች» አለች። ሰሌዳውን አነበበ። የግሌንዴሉ ቼት ሃልቮርሰን በ1946 ከፓስፊክ ጦርነት ተመልሶ አካሏን ከአንድ ሰው ግቢ፣ ዶሮዎች ከሚያድሩበት፣ በአሥራ አምስት ዶላር ገዛት። ስምንት ሲሊንደር ሞተር ከነሦስት ካርቡራተሩ ገጠመላት፤ ኤል ሚራዥ ደረቅ ሐይቅ ላይ በሰዓት መቶ ሃያ ስምንት ማይል በረረባት፤ በሃምሳ የመጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች። ወደ ኮሪያ ሲዘምት ለአንድ ወተት አከፋፋይ ሸጣት። ከዚያ «1961–1964፦ ያልታወቀ ባለቤት» ይላል። ከዚያ የገዛት ሰው የቴሃቻፒ ድርቆሽ ቤት ውስጥ ዘግቶባት ሞተ፤ ወራሾቹ ለዶክተር ካልቨርት ሸጧት፤ በዌንደል ፕሩዊት እጅ ወደ ቼት ዘመን ክብሯ ተመለሰች። «ያልታወቀ» የሚለው ፊደል ከሌላው ፊደል ያነሰ መሰለው።

ዶክተር ካልቨርት ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ቀይ ሰው ነው። ዌንደል «አርሊስና ኦሌታ፣ ጎረቤቶቼ» ብሎ አስተዋወቃቸው። «ሰፈር ውስጥ በልጅነታቸው መኪናዋን አይተዋታል መሰለኝ» አለ ደግሞ፣ ሳይጠየቅ፤ ዌንደል ሲዋሽ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያበዛል። ዶክተሩ የሁለቱንም እጅ ጨብጦ ወደ መኪናዋ ጀርባ ወሰዳቸው። «ከሁሉ በላይ ይህን እዩልኝ» አለ፤ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ክዳን እንደ ሕፃን ጭንቅላት በእጁ ጀርባ እያሻሸ። ክዳኑ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ጣት የማያስገቡ ሁለት ደርዘን የሚያህሉ ቀዳዳዎች ጠመም ብለው ተበስተዋል። «የሃልቮርሰን ቀዳዳዎች ይባላሉ። የመኪናዋ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወዲህ ከዚህ እስከ ሳክራሜንቶ ሰው ሁሉ ክዳኑን እየበሳ ነው። ያ ፊት ለፊት ያለው ሰማያዊ ፎርድ፣ አየኸው? እሱም በስቷል።» አርሊስ ሰማያዊውን ፎርድ አየ። እውነትም በስቷል፤ በግራ በኩል፣ እንዲያውም ጠመም አድርጎ።

ኦሌታ የአርሊስን ክርን ቆነጠጠች። እሱም ማየቱን አላቆመም። ቀዳዳዎቹን በስልሳ ሁለት፣ በጥቅምት፣ ከሥራ ቦታው በተዋሰው የእጅ መሰርሰሪያ እሱ ራሱ ነበር የበሳቸው፣ አማቱ እንድትተነፍስባቸው። አማቱ ዙላ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከእነሱ ጋር ትኖር ነበር፤ መኪናዋ ደግሞ መቀመጫዋ ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ ዙላ ከኋላ ክዳኑ ሥር፣ ትራስ ላይ ተቀምጣ ነበር እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው። አቧራ ሲነሳ ወይም ጉም ሲወርድ ክዳኑን ራሷ ላይ ትዘጋለች። አንድ እሁድ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ወጣችና «ሬሳ አይደለሁም፤ አየር ስጠኝ!» አለች። በማግስቱ ውስጥ አስገብቶ ዘጋባትና «አፍንጫሽ ያለበትን በማንኪያ ምቺልኝ» አላት። እሷ ተናዳ እየደበደበች፣ እሱ በጠመኔ ምልክት እያደረገ፣ ከዚያ በሳው። የጠመመው ዙላ አንገቷን ስለምታዞር ነው። በስልሳ አራት ስታርፍ፣ ኦሌታ ክዳኑን ባየች ቁጥር እያለቀሰች ስላስቸገረች መኪናዋን ሸጡ።

ዳኞቹ ሦስት ሆነው መጡ። ዋናው ሚስተር ሎዌል ይባላል፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ፣ ከረሜላ ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነው። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ በትንሽ ባትሪ የመኪናዋን ሆድ አየ፣ ብሎኖቹን አየ፣ አንዱን ብሎን አሸተተ። ክዳኑ ጋ ሲደርስ ባትሪውን አጠፋና ዓይኑን ጨፈነ። «ቼት ሃልቮርሰን ኮሌጅ አልገባም» አለ ለተሰበሰበው ሰው። «ነፋስን ግን ያነብ ነበር። ደረቁ ሐይቅ ላይ ነፋሱ የሚመጣው ከግራ ነው። ከመቀመጫው ኋላ የሚታፈነው አየር በእነዚህ በኩል ይወጣል። አሰላለፋቸው የጠመመው ነፋሱ ራሱ ስለሚጠምም ነው። ቢያንስ አራት ማይል ፍጥነት ሰጥተዋታል።» ሰው ሁሉ በአድናቆት አጉረመረመ። የሰማያዊው ፎርድ ባለቤትም ራሱን ነቀነቀ። «ነገር ግን» አለ ሚስተር ሎዌል፣ «ያሉት ፎቶዎች በሙሉ ከፊት የተነሱ ናቸው። ደንቡ ደንብ ነው፤ ማንኛውም ነገር በውድድር ዘመኗ እንደነበረ ወይ ፎቶ ወይ በሕይወት ያለ ምስክር ያስፈልጋል። ምስክር አላችሁ?»

ዌንደል አባቱን እጁን ይዞ ከሰሌዳው ጀርባ ጎተተው። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። «አርሊስ» አለው፣ እዚያም ከሰሌዳው ጀርባ በስሙ ጠራው። «ወተት አከፋፋዩ ዘንድ ሳለች አይቻታለሁ፣ ቀዳዳዎቹ ነበሩ በል። ሌላ ምንም አትጨምር። ሰሌዳው ላይ ስምህን አስጽፍልሃለሁ። ‹ምስክር፣ አርሊስ ፕሩዊት›፣ በወርቅ ቀለም።»

እውነቱን ለመናገር አርሊስ ጎመጀ። በወርቅ ቀለም ስሙን በዓይነ ኅሊናው አየው። አንዲት ትንሽ ውሸት ነች፤ የሞተውን ቼትንም አትጎዳም፣ ልጁንም ትጠቅማለች። ተመልሶ ዳኛው ፊት ቆመ፣ ኮፍያውን አወለቀ። እንዳይዋሽ የያዘው እውነት ወዳድነት አልነበረም፤ ስላጠመደው ዓሣ ስንት ጊዜ ዋሽቷል። የያዘው ሌላ ነገር ነው። በሕይወቱ ብዙ ነገር በእጁ ሠርቷል፤ ማንም ከሥራው ፊት ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም። አሁን አንድ ሰው ጨፈነለት፤ ምስጋናው ግን ለቼት ሊሄድ ነው። ይህን መቻል አቃተው።

«የበሳኋቸው እኔ ነኝ» አለ። «በስልሳ ሁለት። የፍሪጁንም ጣራ የበየድኩት እኔ ነኝ።»

ዌንደል ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። ዶክተር ካልቨርት የሳቀ መስሎት ጥርሱን አሳየ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። ሚስተር ሎዌል በትዕግሥት ፈገግ አለ፤ «ጋሼ፣ የፍሪጅ ጣራ የበየደ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሊያስብ አይችልም። የነፋስ ሳይንስ ነው ይህ።»

«የምን ነፋስ?» አለች ኦሌታ። «የእናቴ መተንፈሻ ነው! እናቴ ናት እዚህ ውስጥ የምትቀመጠው። ካላመንክ ግባና እየው፤ ቁመትህ ከእሷ አይበልጥም።»

ሌላ ዳኛ ቢሆን ትቶት ያልፍ ነበር። ሚስተር ሎዌል ግን በሃያ ዓመት የዳኝነት ሥራው ምንም ነገር ሳያጣራ ያለፈበት ቀን እንደሌለ ለሰው ሁሉ የሚናገር ሰው ነው። ጫማውን አወለቀ፤ አንደኛው ካልሲው አውራ ጣቱን አጋልጦታል። ዶክተሩ «ቀለሙን! ቀለሙን!» እያለ ሲርበተበት፣ ውስጥ ገብቶ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ፤ አርሊስ ክዳኑን በቀስታ ዘጋበት።

«ጨለማ ነው» አለ ክዳኑ።

«አንገትህን ወደ ግራ አዙር» አለች ኦሌታ ጎንበስ ብላ። «እናቴ ወደ ግራ ነበር የምታዞረው። አሁን አፍንጫህ ያለበትን ቦታ በጣትህ አንኳኳ።»

ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። የተሰበሰበው ሰው አንገቱን አሰገገ። የተንኳኳው ልክ በቀዳዳዎቹ መሃል ነበር፤ በቀዳዳዎቹም የከረሜላ ሽታ ያለው ትንፋሽ ይወጣል። ከሰው መሃል አንዱ «አቤት!» አለ። «አየር አለ» አለ ሚስተር ሎዌል ከውስጥ፣ ድምፁ ትንሽ ተሰብሮ። «እንዲያውም በጣም ደስ የሚል አየር አለ። ገባኝ። ክፈቱልኝ።»

ዌንደል እጀታውን አዞረ። አልተከፈተም። ደግሞ አዞረ። ዶክተሩ መጥቶ አዞረ፤ አልተከፈተም። ዌንደል ስድስት ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር እንደ ቀድሞው አድርጎ ሲያድስ፣ መቆለፊያውንም እንደ ቀድሞው አድርጎ አድሶት ኖሯል። «ጠመንዛዛ ነበር እኮ» አለ አርሊስ። «ከውስጥ ሰው ሲኖር፣ ግራው ጠርዝ ላይ ሌላ ሰው ካልተቀመጠበት አይዞርም። ዙላ ከውስጥ ‹ተቀመጥ አንተ ሰነፍ!› እያለች ነበር የምትጮህብኝ።» ዶክተሩ በሁለት እጁ ክዳኑን ከለለ። «በዚያ ሱሪ? የኪሱ ብረት ይጭረዋል! አሥራ ስምንት ድርብ ቀለም ነው! ማንም አይቀመጥባትም!» በዚህ መሃል ሁለቱ ዳኞች ሰዓታቸውን አይተው «የፍሬዝኖውን ቢጫ መኪና እንይና እንመለስ» ሲባባሉ ሚስተር ሎዌል ከውስጥ ሰማቸው። ክዳኑ በጡጫ ተመታ። «ያለ እኔ እንዳትነኩት! ሰዎች! ቢጫውን ያለ እኔ እንዳትነኩት!» ቀጥሎ ደግሞ «እግሬን ሸምቀቅ አደረገኝ፣ ኧረ እግሬን!» የሚል መጣ። መቶ ያህል ሰው ከቦ ስልኩን ደግኗል። ዌንደል አንዴ ቀለሙን፣ አንዴ ቀዳዳዎቹን፣ አንዴ ዶክተሩን አየ፤ መጨረሻ ላይ በአዳራሹ ሙሉ ጮኸ፦

«አባዬ! ሱሪህን አውልቅና ቁጭ በልበት!»

አርሊስ ሱሪውን እስኪያወልቅ ጊዜ ወሰደ፤ በአንድ እግሩ ሲንገዳገድ ዌንደል ደገፈው። ረጅም ነጭ የውስጥ ሱሪ ነበር ያደረገው፣ ኦሌታ ጉልበቱ ላይ የጣፈችው። ግራው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረገ፣ እጀታውን አዞረ፤ ጠቅ አለ። ሚስተር ሎዌል ፀጉሩ ቆሞ፣ ከረሜላውን ውጦ ወጣ። «አባዬ?» አለ ዶክተር ካልቨርት ወደ ዌንደል ዞሮ። «አዎ» አለ ዌንደል። «አባቴ ነው። እሷም እናቴ ናት። ስድስት ዓመት ዋሸሁህ።» ዶክተሩ ቀላ፣ ነጣ፣ ወደ አርሊስ አንድ እርምጃ ተራመደ። አርሊስ በውስጥ ሱሪው እንደቆመ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ከነድዱ አውጥቶ ዘረጋለት። «ይኸው፣ ያለ ማደንዘዣ» አለው፤ ቃሉ ባይጠራም ሁሉም ገባቸው። ዶክተሩ ጥርሶቹን እንደ ልማዱ አገላብጦ አየ፣ «ማን ነው የሠራልህ? ግራው አልገጠመም» ብሎ መለሰለት፤ ከዚያም ማንንም ሳያናግር ውኃ ሊጠጣ ሄደ።

አላሸነፉም። ሚስተር ሎዌል ለክዳኑ ዜሮ ሰጠ፤ ደንቡ ደንብ ነው። ዋንጫውን የፍሬዝኖው ቢጫ ወሰደ። ዌንደል ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ብዙ ቆየ፣ ኦሌታም ትከሻው ላይ እጇን ጣል አድርጋ ከጎኑ ቆመች። አርሊስ ከሰሌዳው ጀርባ ሆኖ ሱሪውን እያጠለቀ ያለቅስ ነበር። የልጁን እንጀራ በገዛ አፉ ማበላሸቱ አንገበገበው፤ ስሙም ቢሆን አሁን ደስ አላለውም። ወዲያ በኩል ያለው የሰማያዊው ፎርድ ባለቤት መጣና ሹክ አለው፤ «ጋሼ፣ እኔስ ክዳኔን በስቼ ምን ልሁን?» «አማት አለችህ?» አለው አርሊስ። «አለችኝ።» «ታዲያ ምን ቸገረህ!» ሰውየው እያሰበ ሄደ።

ዌንደል ብድግ ብሎ ከዳኞቹ ጠረጴዛ ወፍራም ማርከር ይዞ ሲመጣ አርሊስ ከሰሌዳው ጀርባ የሚያየው እግሩን ብቻ ነበር። ማርከሩ ሰሌዳው ላይ ሲንጫጫ ሰማ። ብዙ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሰዎች እየቆሙ ማንበብ ጀመሩ፤ አንዲት ሴት ለባሏ ጮክ ብላ አነበበችለት፤ «ከስልሳ አንድ እስከ ስልሳ አራት፣ አርሊስ ፕሩዊት፣ የእኔ የዌንደል አባት። ጣራውን የበየደው፣ ቀዳዳዎቹን ለአማቱ ለዙላ መተንፈሻ የበሳው እሱ ነው።» ባልየው እስኪያስለው ሳቀ። አርሊስ ከሰሌዳው ጀርባ ሁለት እጁ ቀበቶው ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሌላ ሰው መጥቶ ደግሞ አነበበ፣ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ዌንደልን «ሰውየው በሕይወት አለ?» ብሎ ጠየቀው።

«አለ እንጂ» አለ ዌንደል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ያውልህ፣ ከኋላ ቀበቶውን የሚያስረው። አባዬ፣ ና ውጣ፤ ሰው ሊያይህ ይፈልጋል።»

አርሊስ ቀበቶውን አጠበቀ፣ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ ጥርሱን አስተካክሎ ወጣ።